ሳሩንም ገደሉንም

(ደሴ ላይ ለተሰበሰቡ ወጣቶች የተናገርኩት ነው። ልጄ በስልኳ ቀድታ ገለበጠችው። “እእእ” ያልኩባቸውን ቦታዎች አውጥታልኛለች። ሌላው እንዳለ ነው።)

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ?

አልሰማሁም። እንደምን ዋላችሁ? … እንዲህ ነው እንጂ! ደግ ዋሉ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። እዚህ መድረክ ላይ ስወጣ ጉልበቴ ተንቀጥቅጧል። 14 ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ፤ ማይክ ግን ይዤ አላውቅም። ስለ ድፍረት ሊነግራችሁ የመጣው ሰውዬ እየፈራ ነው የመጣው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ከረሳሁት አስታውሱኝ።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። የአሰብ ሾፌር ነበርኩ። አሁን ኮምቦልቻ፣ በባቲ መውጫ፣ መንገድ ዳር ጎሚስታ ነኝ። የጋበዙኝ ልጆች ሱቄ ድረስ መጥተው “ጋሼ፣ ስለ ድፍረት ንገረን፣ ሪስክ ስለ መውሰድ” አሉኝ። ሪስክ ምንድነው? አልኳቸው። “አደጋን ደፍሮ መግባት ነው” አሉኝ። ለሾፌር አደጋ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ትራፊክ ፖሊስ ሜትር ይዞ የሚመጣበት ነገር ነው! ደንግጬ ነበር።

እንግዲህ ልጄ ሦስት ነጥብ በወረቀት ጽፋ ሰጥታኛለች። አንደኛ፣ የምንፈራው ምንን ነው? ሁለተኛ፣ መድፈርና መዝለል ይለያያሉ። ሦስተኛ፣ ከወደቁ በኋላስ? በቅደም ተከተል እሄዳለሁ ብዬ ቃል አልገባም።

ወደ አንደኛው ልሂድ። ጀግንነት ሲባል ወዲያው የሚታወሰን ጦርነት ነው። አይደለም እንዴ? አድዋ፣ 1888። የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ። ወይም ይቺው ደሴ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928፣ የጣሊያን አውሮፕላን ቦምብ ሲያዘንብባት። ጃንሆይ ራሳቸው መድፍ ላይ ሆነው የተነሱትን ፎቶ ያላየ የለም። ያ ድፍረት ክብር ይገባዋል። ግን ልጆቼ፣ እኔ ያንን ልነግራችሁ አልመጣሁም። የወሎ ሰው ሞትን ይፈራል ያለ ማን አለ? እኔ በዕድሜዬ ያየሁት ወሎዬ የሚፈራው ሌላ ነገር ነው።

ጎረቤት!

ትስቃላችሁ። እስቲ እንሞክረው። እዚህ ውስጥ ካላችሁት፣ ነገ ጠዋት በተወለዳችሁበት ሰፈር፣ አብሯችሁ የተማረው ሁሉ በሚያልፍበት መንገድ፣ ጀበና ዘርግቶ ቡና የሚሸጥ፣ ጫማ የሚጠርግ፣ ጋሪ የሚገፋ ማነው? እጅ አውጡ።

አንድ… ሁለት… አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ግማሽ ድረስ ነው ያወጣሽው፣ ቆጥሬዋለሁ። አራት።

እሺ። ያንኑ ሥራ ማንም በማያውቃችሁ አገርስ? ሪያድ? ቤሩት? … አያችሁ! አዳራሹ ሙሉ እጅ ሆነ። ሥራው ያው ነው። የተቀየረው የሚያየን ዓይን ነው። እንግዲህ የምንፈራው ሥራውን ነው ወይስ ዓይኑን?

እኔ ከእናንተ የተሻልኩ ነኝ ብዬ አይደለም። እንዲያውም የባስኩ ነበርኩ።

በእኛ ጊዜ የአሰብ ሾፌር ማለት ንጉሥ ነው። ከኮምቦልቻ አሰብ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቲን ትወርዳለህ። ከዚያ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ኤሊዳር፣ ቡሬ። ሙቀቱ ጎማ ስለሚያፈነዳ የምንነዳው በሌሊት ነበር። ስንመለስ ቴምር፣ ሽቶና ጨርቅ ይዘን ነው። ሰፈር ስገባ ልጆች ከኋላ ይሮጣሉ። ሰላምታ የምሰጠው ከጋቢና ላይ ሆኜ፣ ቁልቁል እያየሁ ነው። አሁን ሳስበው ጉራዬ አይጣል ነበር።

ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሳ። የአሰብ መንገድ ተዘጋ። በቃ! ትናንት ንጉሥ፣ ዛሬ ሥራ ፈት። ሰው ሁሉ “ነገ ይከፈታል” ይላል። እኔም ነገ ይከፈታል እያልኩ ስምንት ወር ቤት ተቀመጥኩ። ያጠራቀምኩትን በላሁ።

የማውቀው ነገር ሁለት ነው፣ መንዳትና ጎማ። ቅጥር ሳጣ ጎማ ቀረልኝ። ጎሚስታ ልክፈት ብዬ አሰብኩ። ማሰቡ አንድ ሳምንት ፈጀ። መድፈሩ አምስት ወር! ምን ይሉኛል? “ያ ሾፌር መንገድ ዳር ተንበርክኮ ከመነዳሪ ይለጥፋል” ይሉኛል። ከጋቢና ላይ ሰላም ያልኳቸውን ሁሉ ከመሬት ቀና ብዬ ላያቸው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሰው ሳይነሳ፣ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ። አሮጌ ጎማ በሽቦ አንጠልጥዬ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። እስቲ አስቡት፣ ደንበኛ የሚጠብቅ ሰው ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ!

መጀመሪያ የቆመው መኪና አይሱዙ ነው። ሾፌሩ ወረደ። ዞር ስል ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የድሮ ረዳቴ! ጎማ እንዴት እንደሚፈታ ያስተማርኩት፣ ውሃ በጄሪካን ያስቀዳሁት፣ አንዳንዴም የጮህኩበት ልጅ። አሁን ሾፌር ሆኖ የጅቡቲን መስመር ጀምሯል።

“ጋሼ… አንተ ነህ እንዴ?” አለኝ።

ከእኔ ይልቅ እሱ አፈረ። መኪናው ውስጥ ተመልሶ ሊገባ ሁሉ ቃጥቶት ነበር። እኔ ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? ሌላ ቃል ጠፋኝና “ክሪኩን አምጣ” አልኩት። ድሮ የምለው እሱን ነበር። ሮጦ አመጣ። እሱ ክሪኩን አስገባ፣ እኔ ብሎኑን ፈታሁ፣ ከመነዳሪውን አወጣሁ፣ ቀዳዳውን በውሃ ፈለግኩ፣ ለጠፍኩ፣ ነፋሁ። ከፈለኝ። መልስ ስሰጠው እጄ ተንቀጠቀጠ። ሳንቲሙ ወደቀ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ስንፈልግ ጭንቅላታችን ተጋጨ። እዚያው ቁጭ ብለን ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ማን ይየኝ ማን አያሳስበኝም ብል ግን እዋሻለሁ። ወር ሙሉ አሳስቦኛል። በማግስቱ ግን ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ተቀመጥኩ።

ሁለተኛው ነጥብ። መድፈርና መዝለል። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው።

ሁላችንም የምናውቀው ተረት አለ። “በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።” ሽማግሌ ሁሉ ወጣት ሲያገኝ ይህን ነው የሚለው። ተጠንቀቁ፣ ተጠንቀቁ! ነገር ግን ሌላ ዓይነት በሬም አለ። ገደሉን ብቻ እያየ ቆሞ ሳሩ የደረቀበት በሬ። ስለሱ የሚተርት የለም። እኛ ወሎዎች ደግሞ ሁለቱንም በሬ ነን። አገር ቤት ስንሆን ገደል ገደሉን ብቻ እናያለን። አረብ አገር ሲባል ሳሩን ብቻ። እውነቴን አይደለም?

እናቴን ልንገራችሁ። አምባሰል ነው የተወለድኩት። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቷል። አራት ልጆች ነን፣ እኔ 12 ዓመቴ ነው። 1965 ነው፣ ክፉው ጊዜ። ዝናቡ ጠፋ። ያለን አንድ በሬ ነው። ከጎረቤታችን በሬ ጋር በመቀናጆ ነው የሚታረሰው። ገበሬ ቤት ያደጋችሁ መቀናጆ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያንተ በሬ ከሌለ የእሱም በሬ ብቻውን አያርስም።

አንድ ቀን እናቴ በሬው አጠገብ ቆማ አየኋት። በመዳፏ ጎኑን ትዳብሳለች። ቀስ እያለች። የምታባብለው መስሎኝ ነበር። ለካ የጎድን አጥንቱን እየቆጠረች ነው! ከዚያ ጎተራው ዘንድ ሄደች። የቀረውን ገለባ በክንዷ ለካች። ማታ ላይ “ነገ ገበያ ነው፣ በሬውን እንሸጣለን” አለችን።

ጎረቤታችን ሲሰማ ጦር መዞ መጣ ማለት ይቻላል። ጮኸ! “በሬዋን የሸጠች ሴት ከእንግዲህ በምን ታርሳለች? እኔንስ በምን ታሳርሺኛለሽ? ትንሽ ቢጠበቅ ይዘንባል!” ሰፈሩ ሁሉ ከእሱ ጋር ነው። ሴት ናት፣ ባል የላትም፣ ጭንቅ ነው ያሳበዳት ተባለ። እናቴ መልስ አልሰጠችም። አንዲት ነገር ብቻ አለች። “የሞተ በሬ ለማናችንም አያርስም።”

ውጫሌ ገበያ ወስደን ሸጥነው። በሸጥንበት ማሽላ ገዛች። በተዋስነው አህያ ጭነን ተመለስን። ሁለት ወር ሳይሞላ ያን የሚያህል በሬ በግማሽ ዋጋ የሚገዛው ጠፋ። እህሉ ደግሞ ተወደደ፣ በኋላም ጭራሽ ከገበያ ራቀ። የጎረቤታችን በሬ በረቱ ውስጥ ሞተ።

እናቴ ለዚያ ጎረቤት አንድ ቁና ማሽላ ላከችለት። ያደረስኩት እኔ ነኝ። በሌሊት ነው የላከችኝ። ለምን በሌሊት? ሰው አይቶት እንዳያፍር። እንግዲህ ይሉኝታን ስሰድብ ቆየሁ እንጂ መልካም ጎንም አለው። ያን ቁና በሌሊት ያስላከው እሱ ነው።

ተረት ስላልሆነ መጨረሻው አያምርም። ማሽላውም አለቀ። እኛም እንደ ሌላው ሰው ወደ ደሴ ዋና መንገድ ወጣን። መንገድ ዳር ያየሁትን ዛሬ አልነግራችሁም። ግን እናቴ አራት ልጅ ይዛ ወጣች፣ አራት ልጅ ይዛ ደረሰች። ማሽላው እስከዚያ አቆየን።

አሁን ልጠይቃችሁ። ያቺ ሴት ደፋር ናት ወይስ ጠንቃቃ?

… አዎ፣ ሁለቱም አላችሁ። እኔም እንደዚያ ነው የሚመስለኝ። ድፍረቷ ገበያ የሄደች ዕለት አይደለም የጀመረው። ጎድኑን ስትቆጥር ነው የጀመረው። ሰው ሁሉ አይቆጥርም ነበር። ለምን? መቁጠር ያስፈራላ!

ውጫሌን ካነሳሁ አይቀር፣ ትንሽ ልውጣ። ውጫሌ ላይ የሆነውን ታሪክ ታውቃላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ ከጣሊያን ጋር ውል ተፈረመ። አንቀጽ 17። በአማርኛው “ከፈለጉ በጣሊያን በኩል መላላክ ይችላሉ” የሚል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ያደረገው። ስለ አድዋ ስናወራ ጎራዴውን ነው የምናወራው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለው ይገርመኛል። በ1885 ምኒልክ ውሉን አልቀበልም ብለው አፈረሱት። የተፈረመ ወረቀት ነው! ማኅተም አለው! “ይሄ አልሆነም፣ ተመለስኩ” ማለት ቀላል ይመስላችኋል? ይህን ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀጥሎ ስለማወራው ልጅ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሃረጎ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሁሉ ሃረጎን ያውቀዋል። 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው፣ ግን 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ያወርዳል። ኩርባ በኩርባ። ጉም ሲወርድበት ደግሞ የራስህ መኪና አፍንጫ አይታይህም። መንዳት ያስተማረኝ ሾፌር፣ አላህ ይዘንለትና፣ በአሰብ መስመር ላይ እንደሱ ደፋር የለም ይባል ነበር። ሌሎች ያደሩበትን ጎርፍ እሱ ይሻገራል። ያ ሰው ሃረጎ አናት ላይ ሲደርስ ምን ያደርጋል? ይቆማል! ይወርዳል። ጎማውን አንድ በአንድ በእግሩ ይመታል። የፍሬኑን ሙቀት በእጁ ይዳስሳል። ከዚያ ሻይ ይጠጣል።

“ሻዩ ለምንድነው?” አልኩት አንድ ቀን።

“ፍሬኑ እስኪበርድ። የኔም ልብ እስኪበርድ” አለኝ።

ከዚያ የሁሉም ሾፌር ሕግ አለ፣ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ሁለተኛ ይዘህ የወጣኸውን ሁለተኛ ይዘህ ትወርዳለህ። መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ነው፣ ፍሬን መጠባበቂያ ነው። ነዳጅ እንቆጥባለን ብለው ማርሹን ነቅለው፣ ፎሌ አድርገው የሚለቁ ነበሩ። መኪናው ሲፈተለክ ደስ ይላል። ነፋሱ! ፍጥነቱ! ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬን ይግላል። አምስተኛው ላይ ፍሬን እምቢ ይላል። ከዚያ በኋላ ሾፌር የለም፣ ተሳፋሪ ብቻ ነው ያለው። መዝለል ማለት ለእኔ ያ ነው። ፎሌ አድርጎ መልቀቅ።

አሁን ወደ ልጁ። ስሙን አልጠራም። የሰፈራችን ልጅ ነው። 2004 ላይ፣ አንድ ማታ ሱቅ ልዘጋ ስል መጣ። ጎማ ላይ ተቀመጠ።

“ጋሼ፣ ከሚሌ በኋላ ያለውን መንገድ ታውቀዋለህ አይደል?”

ገባኝ። በአፋር አድርጎ፣ ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። መንገዱን የማታውቁት የላችሁም። ያ ባሕር ስሙ በአረብኛ ባብ ኤል ማንደብ ነው። የእንባ በር ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ያለ ነገር አይደለም።

ጠየቅኩት። ስንት ሊትር ውሃ ትይዛለህ? “ደላላው ያውቃል።” በእግር ስንት ቀን ነው? “ደላላው ያውቃል።” ጀልባው ስንት ሰው ይጭናል? “ደላላው…” የመን ላይ ቢይዙህና ገንዘብ አምጣ ቢሉህ ለማን ትደውላለህ? ዝም አለ። እሱን ደላላው አልነገረውም።

“እኔ ጋ ሥራ። ነገ ጠዋት ጀምር” አልኩት። እጄን አየው። ግሪስ ነው፣ ጥፍሬ ጥቁር ነው። ፈገግ አለ። “ጓደኞቼ ያዩኛል” አለኝ።

ልጆቼ፣ ስሙኝ። ባሕሩን አልፈራም። በረሃውን አልፈራም። የጓደኞቹን ዓይን ፈራ።

“እሺ ቢያንስ አስብበት” ስለው “ቀብድ ከፍያለሁ። እናቴ ላሟን ሸጣለች። እንዴት ብዬ ቀረሁ እላለሁ?” አለ። አያችሁ ውጫሌን ለምን እንዳነሳሁት? የከፈልከው ቀብድ እኮ ሄዷል። ላሟም ሄዳለች። የቀረኸው አንተ ነህ። ተመለስኩ ማለት የሚችል ሰው ግን በስንት አንድ ይገኛል!

ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል፤ አዳራሹ ውስጥ ወንድም እህታቸው የሄዱባቸው አሉ። የሄደ ሁሉ ተሳስቷል አልልም። ብሞትም አልልም። ኮምቦልቻና ሐርቡ ላይ የምታዩት ስንቱ ቆርቆሮ ቤት ሴቶች ልጆች በሰው አገር ወጥ ቤት ቆመው ያሠሩት ነው። እነሱን ፈሪ የሚል ምላሱ ይቆረጥ። ችግር ሲያስወጣ ያስወጣል። እኛንም አስወጥቶናል፣ ነግሬያችኋለሁ። የምለው ሌላ ነው። ስትሄዱም ስትቀሩም ጎድኑን ቁጠሩ ነው የምለው። ቆጥሮ የሄደና ያለበትን ዓይን ሸሽቶ የሄደ አንድ አይደሉም።

ሰፈራችን ውስጥ ሌላ አንዲት እናት አለች። እስከ ዛሬ ከጅቡቲ የመጣ መኪና ሱቄ ጋ ሲቆም ትመጣለች። ለሾፌሩ የልጇን ፎቶ ታሳየዋለች። ሾፌሮቹ አውቀዋታል። ሁሉም ፎቶውን ይቀበላሉ፣ እንደ አዲስ ያዩታል፣ ይመልሱላታል።

… ትንሽ ውሃ ስጡኝ እስቲ።

ሦስተኛው ምን ነበር? ወረቀቱ ጠፋብኝ። አዎ፣ ከወደቁ በኋላስ።

ጎሚስታው ትንሽ ቀና ሲል እኔ ሀብታም ልሁን አልኩ። 1993 ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አይሱዙ ተከራይተን ከቆቦ ቲማቲም ጫንን። ሒሳቡ ሲሠራ በወረቀት ላይ አምሮ ነበር። መርሳን ሳንደርስ ካምቢዮው ተሰበረ። መለዋወጫ እስኪመጣ ሦስት ቀን። ፀሐዩን ታውቁታላችሁ። በሁለተኛው ቀን ከመኪናው ወለል ቀይ ውሃ መንጠብጠብ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ዝንቡ! የአካባቢውን ልጆች “ኑ ውሰዱ” አልናቸው። እነሱም መርጠው መርጠው ነው የወሰዱት። የሁለት ዓመት ጥሪቴ መርሳ መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ቀረ።

ቤት ስገባ ምን ብዬ እንደምናገር አላውቅም። ሚስቴ ፊቴን አይታ ገባት። ወደ ጓዳ ገባች። ተመልሳ መጥታ በጨርቅ የተቋጠረ ብር አሳየችኝ። “የልጆቹ ደብተርና የጤፉ ብር ይሄው። እኔ ጋ ነው። አንተ የከሰርከው ያንተን ነው። አብሽር” አለችኝ።

አብሽር! እኛ ወሎዎች ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የምንላት ቃል። የታመመውን አብሽር፣ የከሰረውን አብሽር፣ የወደቀውን አብሽር። በርታ፣ አይዞህ፣ ያልፋል፣ ሁሉም በአንድ። ግን ልብ በሉ፣ ሚስቴ ባዶ እጇን አይደለም አብሽር ያለችኝ። ቋጠሮ ይዛ ነው።

ቡና አፈላች። ጎረቤት ለቅሶ እንደሚደርስ ሆኖ ገባ፣ አንገቱን ደፍቶ። አቦሉን ዝም ብለው ጠጡ። ቶናው ላይ አንዷ “መርሳዎች ዘንድሮ ወጣቸው ይቀላል” አለች። በረካው ላይ እኔም እየሳቅኩ ነበር። አምስት ወር ሙሉ በፍርሃት ያቆየኝ ጎረቤት ይሄው ነው። ይስቃል፣ ያማል፣ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። በማግስቱ ሌላ ወሬ አለው። ለዚህ ነው እንዴ የፈራሁት?

እዚያ ጋ እጅ ያወጣህ፣ ምንድነው? … ጮክ በል። … “እናትህ ያላትን አንድ በሬ ሸጠች፣ ሚስትህ ደግሞ ሁሉንም አታውጣ ትላለች፤ ማንን እንስማ?” ነው የምትለው? ጎበዝ! ልጄም ይህን ጠይቃኛለች። እንግዲህ በሬው ቢሸጥም ባይሸጥም ሟች ነበር። የጤፉ ብር ግን ሟች አልነበረም። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ሁለቱም ሴቶች ግን ቆጥረዋል። ያልቆጠርኩት እኔ ነኝ!

ልጁስ? ተመለሰ። 2006 ላይ ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ስታባርር ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መጡ፣ እሱም አንዱ ነው። በእጁ ፌስታል ነበር። ቤት ገባና ከሰው ተሰወረ። ቀን አይወጣም። ማታ ማታ ብቻ በጥላ በጥላ ይሄዳል። እናቱ መጥታ አለቀሰችብኝ።

ምክር አልሰጠሁትም። “ኮምፕሬሰሬ እምቢ ብሎኛል፣ ልጅ ዓይን ያያል፣ መጥተህ እየው” ብዬ ላክሁበት። ኮምፕሬሰሩ ጤነኛ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ራሴ ነኝ ሽቦውን የነቀልኩት። ማታ መጣ። አገኘው። በማግስቱም ማታ መጣ። ሁለት ሳምንት በፋኖስ ሠራን። አንድ ጠዋት አንድ አይሱዙ ቸኩሎ ቆመ። ልጁ ሥር ገብቶ ሲፈታ ፀሐይ ወጣችበት። ተማሪው ሁሉ ያልፋል። እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። እስኪጨርስ ፈራሁለት። ወጣ፣ ፊቱ ሁሉ ግሪስ ነው፣ አላፊው ሁሉ ያየዋል። “ጋሼ፣ ሻይ የለም?” አለኝ።

ሀብታም ሆነ ብዬ አልዋሽም። ሦስት ዓመት አብሮኝ ሠራ። በደመወዝ ተጣላን። ወጣ። የት ሱቅ ቢከፍት ጥሩ ነው? ፊት ለፊቴ! ደንበኞቼን ወሰደብኝ። አሁን እየሳቅኩ አወራዋለሁ እንጂ ያን ጊዜ ስንት ሌሊት አጉረምርሜያለሁ።

2014 ላይ ጦርነቱ ከተማችን ገባ። የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እዚሁ ነበራችሁ። ስንመለስ ሱቄ ባዶ ነው። ኮምፕሬሰሩ፣ ክሪኩ፣ የምቀመጥበት አግዳሚ ሳይቀር። የእሱም እንደዚያው። 61 ዓመቴ ነበር። በቃኝ ብል ማንም አይፈርድብኝም። እሱ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። በእጁ የብስክሌት መንፊያ ይዟል።

“ጋሼ፣ ባጃጅ በዚህ ይነፋል” አለኝ።

በእጃችን እየነፋን ጀመርን። የሰፈሩ ዕቁብ ገባን፤ ዳኛው የመጀመሪያውን ዕጣ ለእኛ አደረገው። አንድ ኮምፕሬሰር ገዛን። አሁን ጎን ለጎን ነን፤ ኮምፕሬሰሩ አንድ ነው። አሁንም ግን በሒሳብ እንጣላለን።

ማነው “አስታውሱኝ” ያልኩትን የያዘ? … አዎ፣ ጉልበቴ። እስቲ ፊት ያላችሁት እዩት፣ ከጠረጴዛው በታች። አሁንም ይንቀጠቀጣል! ይቆማል ብዬ ጠብቄ ነበር።

በሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ያክብራችሁ። ጥያቄ ያለው ውጭ ያግኘኝ፣ ግን ቶሎ። ሃረጎ ላይ ጉም ሳይወርድ መሄድ አለብኝ። ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ካላችሁ የሁለት ሰው ቦታ አለኝ። በሁለተኛ ማርሽ ነው የምወርደው፣ ለሚቸኩል ሰው አልሆንም። አናቱ ላይ ደግሞ ሻይ አለ።